ራቭ ፎር፦ ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ችግሮችና የደህንነት ቅሬታዎች

ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከመኪናው ጋር ሲጠቀሱ ሞዴሉን እንጂ የተሸጠበትን ቀን አያመለክቱም።

የቶዮታው ራቭ ፎር እንዲህ እየተመሰገነ ስለ ችግሩ ማውራት ለምን አስፈለገ?

ምስጋናው እውነት ነው። መኪናው በ1994 ጃፓን ውስጥ ከወጣ ጀምሮ የትናንሽ ክሮስኦቨሮች (እንደ ጂፕ ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪናዎች) በር ከፋች ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፈው ራቭ ፎር ዛሬም ኮረብታ ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋም ብትሄዱ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሞ አታጡትም።

እኔን የሚያሳስበኝ «ቶዮታ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚለው አባባል ነው። ይህ አባባል ብዙ ባለቤቶችን ጎድቷል። የራቭ ፎር ችግሮች ሁሉም ሞዴል ላይ የተበተኑ አይደሉም። በተወሰኑ ዓመቶች ላይ ተለይተው የታወቁ ናቸው። አንዳንዶቹ አምራቹ ራሱ በነፃ የሚጠግናቸው ናቸው። ዓመቱን ያወቀ ሰው ምን እንደሚፈትሽ ያውቃል።

የእኔ የትኛው ትውልድ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 2000 ያለው ነው። ሁለተኛው ከ2001 እስከ 2005፣ ሦስተኛው ከ2006 እስከ 2012፣ አራተኛው ከ2013 እስከ 2018 ይሄዳል። አምስተኛው በ2019 ጀመረ። በዓይን ለመለየት የኋላ በሩን ይመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት እስከ ሦስተኛው ትውልድ ድረስ የኋላ በራቸው እንደ ቤት በር ወደ ጎን ይከፈታል። ከ2013 ጀምሮ ወደ ላይ የሚነሳ ሆነ።

ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። ሻንሲ ቁጥሩ የተሻለ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ከ17ቱ ምልክቶች አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። 7 ቁጥር ከሆነ 2007፣ ዲ ከሆነ 2013፣ ኬ ከሆነ 2019 ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮችና ለአውሮፓ የተሠሩት ግን ሁልጊዜ ይህን ሥርዓት ስለማይከተሉ በእነሱ ላይ አይተማመኑበት።

ሪኮል ምንድነው? ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት ብሆንም ይሠራልኛል?

ሪኮል ማለት አምራቹ «ይህ መኪና የደህንነት ጉድለት አለበትና አምጡት፣ በነፃ ልጠግነው» ብሎ የሚያደርገው ጥሪ ነው። የሚሄደው ከመኪናው ጋር ነው እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። አምስተኛ ባለቤት ብትሆኑም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ አምራቹን መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ በኋላ ለ15 ዓመት በነፃ እንዲጠግን ያስገድደዋል። ለማወቅ ሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት ወይም በቶዮታ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ብቻ በቂ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ከሪኮል ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። አምራቹ ለዲለሮች (ለወኪል ሻጮቹ) «ይህ ችግር ሲመጣ እንዲህ ጠግኑት» ብሎ የሚልከው የቴክኒክ ማስታወቂያ ነው። ይህ ነፃ ጥገና ማለት አይደለም። ዋስትናው ካለቀ ይከፍላሉ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ለአንድ የታወቀ ችግር ብቻ ዋስትናው የሚራዘምበት ፕሮግራም አለ። ዲለር ጋ ስትደርሱ «ሪኮል የለውም» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «የተራዘመ ዋስትናስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቁት የሚነግር ሰው ላይገኝ ይችላል።

የ2001 እስከ 2003 ራቭ ፎሬ ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ካምቢዮው ሄዶ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ዓመቶች አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ራቭ ፎሮች ላይ የታወቀው ጥፋተኛ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ያለው ብየዳ ሲላቀቅ ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይልካል። መኪናው ከአንድ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሸጋገር እንደተመታ ያህል ይንጠዋል። ቶዮታ ችግሩን አምኖ በአሜሪካ ዋስትናውን አራዝሞለት ነበር። ያ ጊዜ ግን ካለፈ ቆይቷል።

የሚያሳዝነው ብዙ ሰው መጀመሪያ ካምቢዮውን መቀየሩ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳለ ስለሚቀር አዲሱ ካምቢዮም እንደገና ይበላሻል። ስለዚህ መካኒኩ ካምቢዮ ከመፍታቱ በፊት ኮምፒውተሩን ያስመርምሩ። ኮምፒውተር ፈትቶ ብየዳውን የሚያድስ ባለሙያ ማግኘት ካምቢዮ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ችላ ተብሎ ለወራት ከተነዳ ግን ካምቢዮው ራሱም ይጎዳል።

ዘይት ይበላል፤ ጭስ ግን አይታይም። ምን ሆኖ ነው?

2.4 ሊትር ሞተር ያለው ሦስተኛ ትውልድ ከሆነ ያልተለመደ ነገር አልገጠመዎትም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሞተር ያለው ከ2006 እስከ 2008 ባለው ራቭ ፎር ላይ ነው። ከአሜሪካ ውጭ በተሸጡት ላይ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ችግሩ ያለው ፒስተኑ ላይ ነው። ዘይት ጠራጊው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) የሰበሰበውን ዘይት ወደ ታች የሚመልሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከመጠን በላይ ጠባብ ስለሆኑ በጥቀርሻ ይደፈናሉ። ያኔ ፋሻው ባለበት ይጣበቅና ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። የሚቃጠለው ቀስ በቀስ ስለሆነ ጭሱ በዓይን ላይታይ ይችላል።

እኔም የ2007ቱ ነበረኝ። መብራት በርቶልኝ አያውቅም። አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ዓባይ በረሃ ከመግባታችን በፊት ዘይት ልየው ብዬ ኮፋኖ ከፈትኩ። መለኪያው ብረት ጫፉ ላይ እንኳን ዘይት አልነበረውም። ዘይት ከተቀየረለት ገና ሁለት ወር ተኩል ነበር። ጋራዥ ስወስደው «ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ይተወዋል» ተባልኩ። አልተወውም። ያ ምክር ስድስት ወር አባክኖብኛል።

ቶዮታ ለዲለሮቹ የሰጠው መለኪያ ይህ ነው፦ በ1,200 ማይል ውስጥ አንድ ኳርት ከበላ ፒስተኑና ፋሻው ይቀየራል። ያም ማለት ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚያንስ ዘይት ማለት ነው። የነፃው ፕሮግራም አሁን አብቅቷል፤ መለኪያው ግን ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ራስዎ ይሞክሩት። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፤ ከዚያ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይዩት። የሚበላው ትንሽ ከሆነ እየጨመሩ መንዳት ይቻላል። ብዙ ከሆነ መፍትሔው በአዲስ መልክ የተሠራው ፒስተን ነው። አሮጌውን ፒስተን ትቶ ፋሻ ብቻ ለመቀየር የሚጠይቅዎትን ሰው አይስሙት። ቀዳዳው ያው ጠባብ እንደሆነ ይቀራል።

የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን አይንጠባጠብም። ከዚሁ ሞተር ጋር ይያያዛል?

ሊያያዝ ይችላል። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች የሚገቡበት ጥርስ በዚህ ሞተር ላይ አንዳንዴ ይበላል። በተለይ በኋላ በኩል ያሉት ይላላሉ። ውሃው በሞተሩና በመኪናው ግድግዳ መካከል ቀስ ብሎ ይወጣና ሙቀቱ እዚያው ያደርቀዋል። በባትሪ መብራት ከኋላ ቢያዩ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ቅሪት ይታያል።

እዚህ ላይ ጉራንሲዮን (በመካከላቸው ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ጥርሱ በብረት ማስገቢያ መታደስ አለበት። ካልሆነ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

መሪ ሳዞር ከእግሬ አካባቢ ቋ ይላል። አደገኛ ነው?

ሦስተኛው ትውልድ ላይ በጣም የተለመደ ቅሬታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የሚመጣው መሪውን ከታችኛው ክፍል ጋር ከሚያገናኘው መካከለኛ ዘንግ ነው። ቶዮታም የቴክኒክ ማስታወቂያ አውጥቶበታል። በቅባት ጊዜያዊ እፎይታ ይገኛል፣ ዘላቂው መቀየር ነው። ድምፁ የሚሰማው ጉድጓድ ሲመቱ እንጂ መሪ ሲያዞሩ ካልሆነ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ካሠራሁ በኋላ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል። የጎማ ችግር ነው?

ጎማ ሊሆን ይችላል። ከ2006 እስከ 2011 ባለው ሞዴል ላይ ግን በመጀመሪያ የሚታየው ሌላ ነው። የኋላውን ጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክል ክንድ አለ። በላዩ ላይ ያሉት ማጥበቂያ ዳዶዎች አላይመንት ከተሠራ በኋላ በሚገባ ካልጠበቁ ክንዱ ይላላል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ ይበላል። መጨረሻው ክንዱ መንገድ ላይ ተነቅሎ መውጣት ነው። በፍጥነት ላይ ይህ ከሆነ መኪናውን መቆጣጠር በጣም ይከብዳል።

ቶዮታ በ2012 አሜሪካ ውስጥ ወደ 778,000 የሚጠጉ መኪናዎችን በዚህ ምክንያት ጠራ። አብዛኞቹ ራቭ ፎሮች ነበሩ። በ2013 ደግሞ ጥገናው በትክክል ያልተሠራላቸው ስላሉ ሁለተኛ ጥሪ አደረገ። የተጠገነ የተባለ መኪና እንኳን እንደገና መታየት ነበረበት ማለት ነው። ስለዚህ አላይመንት በሠራችሁ ቁጥር ባለሙያውን «የኋላውን ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ አጥብቀኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ቦታ በእጅ ስሜት ነው የሚያጠብቁት። ለዚህ ክንድ የእጅ ስሜት አይበቃም።

የኋላ ወንበር ቀበቶ ሊቆረጥ ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በየካቲት ወር 2016 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን ጠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 1.1 ሚሊዮን ይሆናሉ። በዋናነት የሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎሮች ናቸው። ከባድ የፊት ለፊት ግጭት ሲደርስ የኋላው ወንበር የብረት ፍሬም ጠርዝ ቀበቶውን ሊቆርጠው እንደሚችል ተደረሰበት። ጥገናው ቀላል ነው። ብረቱ ላይ የሬዚን ሽፋን ይገጠማል።

ይህን ችግር የሚያስከፋው ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። ቀበቶው ይሳባል፣ ይቆለፋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችና እናቶቻችን ናቸው። በሻንሲ ቁጥር ከማረጋገጥ ሌላ መንገድ የለም።

ኤርባጉስ? የታካታ (የጃፓኑ ኤርባግ አምራች) ጉዳይ እኔን ይመለከተኛል?

ከሁለተኛው ትውልድ የመጨረሻ ዓመቶች የተወሰኑት በታካታ ሪኮል ውስጥ ገብተዋል። የታካታ ኤርባግ የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። በግጭት ጊዜ ከመንፋት አልፎ ይፈነዳል፣ የብረት መያዣውንም ቆራርጦ ተሳፋሪው ላይ ይረጨዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ጂዳ፣ ዱባይ ወይም ፍሎሪዳ ለብዙ ዓመት የቆየ መኪና ስጋቱ ከፍ ይላል።

ኤርባግዎ ከተነሳ፣ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የሚሸጥ አሮጌ ኤርባግ አይግዙ። ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ የት አገር እንደቆየ ማንም አያውቅም።

የ2013 እስከ 2018 ራቭ ፎር በእሳት ይያያዛል የሚባለው ምንድነው?

ይህን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ ሜሪላንድ በገዛ እጃችን የምናመጣው ችግር ነው። በ2021 መጀመሪያ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ። መነሻው ባለቤቶች ያቀረቧቸው 11 የእሳት ቅሬታዎች ነበሩ። 11 ብቻ። መኪናዎቹ አልተጋጩም። እሳቱ የሚነሳው ከሞተሩ ክፍል በግራ በኩል፣ ባትሪው ካለበት አካባቢ ነው። በኅዳር 2023 ቶዮታ ወደ 1.85 ሚሊዮን መኪናዎችን ጠራ።

የተደረሰበት ምክንያት ይህ ነው። ባትሪ ሲያረጅ የሚተካው ባትሪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን የለውም። የአንዳንዱ የላይኛው ክፍል ያንሳል። ከላይ የሚይዘው ብረት በሚገባ ካልጠበቀ፣ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ባትሪው ይንሸራተታል። ፖዘቲቭ ጫፉ መያዣውን ብረት ይነካል። ያኔ ሾርት ያደርጋል፤ መኪናው ሊጠፋ ወይም እሳት ሊነሳ ይችላል። ሪኮሉ አዲስ መያዣ፣ አዲስ የባትሪ ማስቀመጫና የፖዘቲቭ ሽፋን ይገጥማል።

ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ኮፋኖ ክፈቱ። ባትሪውን በሁለት እጅ ያዙና ወደ ጎን ግፉት። ከተነቃነቀ አልታሰረም ማለት ነው። የፖዘቲቩ ቀይ ሽፋን በቦታው አለ? መያዣው ብረት ከፖዘቲቩ ምን ያህል ይርቃል? ባትሪ ስትቀይሩም ርካሽ ስለሆነ ወይም ስለተገኘ ብቻ አትግዙ። ከድሮው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና ቁመቱንና የላይኛውን ስፋት አወዳድሩ። በጎማ ቁራጭ ወይም በካርቶን ሽብልቅ አጥብቆ መስጠት ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ካርቶን ኮሮኮንች ላይ ስንት ቀን ይቆያል?

መኪናው በራሱ ፍጥነት ቢጨምር ምን አደርጋለሁ?

ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይርገጡና አይልቀቁት። እያነሱ መልሰው ከረገጡ ፍሬኑ አቅሙን ያጣል። ማርሹን ወደ ፎሌ (ኒውትራል) ያስገቡ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። መንገድ ዳር ከቆሙ በኋላ ያጥፉት። እየሄዱ ቁልፉን ማውጣት ግን መሪውን ሊቆልፈው ይችላል።

የዚህ ጉዳይ ታሪክ ረጅም ነው። በ2009 ሳን ዲዬጎ አካባቢ አራት ሰዎች ሞተዋል። መኪናው ሌክሰስ ነበር፤ ልኩ ያልሆነ ምንጣፍ የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት ነበር። ከዚያ በኋላ ቶዮታ የ2009 እና 2010 ራቭ ፎር ፔዳል ተጣብቆ ስለሚቀር በጥር 2010 ጠራቸው። የ2006 እስከ 2010ዎቹ ደግሞ በምንጣፍ ምክንያት በ2011 ተጨመሩ። በ2014 ኩባንያው ሸማቾችን በማሳሳት ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ናሳ ያደረገው ጥናት የኤሌክትሮኒክስ ምክንያት አላገኘም። ለእኛ የሚቀረው ምንጣፉ ነው። ከገበያ የተገዛ ወፍራም ምንጣፍ በድሮው ላይ ደርቦ ማንጠፍ በጣም የተለመደ ነው። በሹፌሩ በኩል አንድ ብቻ ይኑር፤ እሱም ወለሉ ላይ ካሉት መያዣዎች ጋር ይያያዝ።

በግጭት ፈተና የ2013 ራቭ ፎር ወድቋል ይባላል። አልገዛው?

በአንድ ፈተና ዝቅተኛውን ውጤት አግኝቷል። የአሜሪካ ኢንሹራንሶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት የመኪናው የፊት አንድ አራተኛ ብቻ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር የሚጋጭበት ፈተና አለው። በዚህ ፈተና የ2013ቱ በሹፌሩ በኩል «ደካማ» ተባለ። ቶዮታ አካሉን አጠንክሮ በ2015 ሞዴል «ጥሩ» አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚቆጨው። ኢንስቲትዩቱ በ2016 ያንኑ ፈተና በተሳፋሪው በኩል ሞከረው። የ2015 ራቭ ፎር በዚያ በኩል ቢለካ «ደካማ» ይባል ነበር። የተጠናከረው የሚፈተነው ጎን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ መኪናውን አትግዙ አያሰኝም። ዋጋው ከተቀራረበ ግን ከ2013 እና 2014 ይልቅ 2015ን፣ አቅም ካለም 2019ንና ከዚያ ወዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

አዲሱ ሃይብሪድ (ከነዳጅ ሞተሩ ጋር ኤሌክትሪክ ሞተርም ያለው) ነዳጅ አይሞላም። ማደያው ነው ወይስ መኪናው?

መኪናው ነው። በ2019 እና 2020 ሃይብሪድ ላይ ታንከሩ 14.5 ጋሎን፣ ማለትም 55 ሊትር ይይዛል ተብሎ ይሸጣል። ብዙ ባለቤቶች ግን ባዶ ሆኖ እንኳን ዘጠኝ ወይም አሥር ጋሎን ሲገባ ቧንቧው ይዘጋባቸው ነበር። ምክንያቱ የታንከሩ ቅርጽ ነው። ቶዮታ የተሻሻለ ታንከር አዘጋጅቶ ሲቀይር ቆይቷል። ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁ ታንከሩ ተቀይሮ እንደሆነ ዲለሩን ጠይቁ።

የሚያቃጥል ችግር አይደለም፤ የሚያናድድ ነው። ቧንቧው ከዘጋ በኋላ በግድ እየገፉ መሙላት ግን ጉዳት አለው። ትርፉ ነዳጅ የነዳጅ ትነት ወደሚያጣራው የከሰል ዕቃ ይገባና እሱንም ያበላሸዋል።

ብርቱካናማው ገመድ ዝጓል ተባልኩ፤ የጥገናው ዋጋ ደግሞ አስደነገጠኝ። ዋስትና የለውም?

ከመክፈልዎ በፊት ቆም ይበሉ። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሃይብሪድ ከኋላ በኩል የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ከፊት ወደዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚወስድ ብርቱካናማ ገመድ በመኪናው ሆድ ሥር ያልፋል። ከ2019 እስከ 2021 በተሠሩት ላይ ገመዱ ከኋላው ሞተር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ውሃና ጨው ያስገባል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው የሚበተንባቸው ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን በብዛት የሚያነሱት ለዚህ ነው። ዝገቱ ሲጠነክር የሃይብሪድ ማስጠንቀቂያ ይበራል፤ መኪናው አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል።

ብዙ ባለቤቶች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጠይቀዋል። መጀመሪያ ላይ ዝገት በዋስትና አይሸፈንም ይባሉ ነበር። ቅሬታው ሲበረታ ቶዮታ በአሜሪካ ለዚህ ገመድ ሽፋኑን ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ። ዲለሩ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት። ማስጠንቀቂያው ባይበራም ለጥገና ሲገቡ መገናኛውን ፈትተው ፎቶ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በራስዎ ወይም ሃይብሪድ በማያውቅ መካኒክ ግን አይንኩት። ያ ገመድ ይገድላል።

እግረ መንገድ፣ ከኋላው ወንበር ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ይዩ። ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር በዚያ ይገባል። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የእኛ አገር አቧራና የሪያድ አሸዋ ለዚህ ማጣሪያ አይራሩም። ላዩን ቦርሳና ካልሲ አይከምሩበት።

የፊት መስታወት ካስቀየርኩ ጀምሮ ባዶ መንገድ ላይ ያስጠነቅቀኛል። ምን ይደረግ?

በቅርብ ዓመቶች ሞዴሎች ላይ መንገዱን የሚያየው ካሜራ ከፊት መስታወቱ ጀርባ ነው የተገጠመው። ራዳሩ ደግሞ ከፊት ካለው የቶዮታ አርማ ኋላ ነው። መስታወት ሲቀየር ካሜራው እንደገና መለካት አለበት። ትንሽ ዘንበል ካለ ከፊት ያለውን ነገር ርቀት ይሳሳታል። በማያስፈልግ ጊዜ ሊያስጠነቅቅ፣ በሚያስፈልግ ጊዜ ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። አርማውን በጌጥ ወይም በሌላ አርማ መቀየርም ራዳሩን ያውከዋል።

መለኪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ እስኪያገኙ ድረስ ሲስተሙን ያጥፉትና በራስዎ ዓይን ይንዱ። የተሳሳተ ረዳት ከሌለ ረዳት የከፋ ነው።

አዲስ አበባ ያለው መኪናዬ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ነው። ያልተሠራ ሪኮል ቢገኝበት ማን ይሠራልኛል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሪኮል የሚወጣው በገበያ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና ነፃ ጥገና የሚያገኘው እዚያ ባለ ዲለር ነው። የዱባዩ ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዝርዝር ስለሚታይ በአሜሪካው ድረ ገጽ ላይ ላይወጣ ይችላል። ባዶ ውጤት ስላያችሁ ብቻ ሪኮል የለበትም ብላችሁ አትደምድሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጀመሪያ የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን በሻንሲ ቁጥሩ መጠየቅ ነው። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በነፃ የሚሠራ ካልተገኘ ችግሮቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የባትሪ መያዣውንና የኋላውን ክንድ ዳዶ ማንኛውም ጠንቃቃ መካኒክ ያስተካክለዋል። ክንዱ ዝጎ ከተገኘ ሶማሌ ተራ ወርዶ መግዛት ይቻላል፤ ያገለገለ ሳይሆን አዲሱን ይፈልጉ። የኋላ ቀበቶና ኤርባግ ግን የቤት ሙያ አይደሉም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች አሁን ያሉት ራቭ ፎሮች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይቆያሉ። ያረጀ መኪና ላይ ያልተዘጋ ሪኮል ዓመት በጨመረ ቁጥር እየከፋ ይሄዳል።

ሌላው ምክር ውጭ ላላችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእህታችሁ ወይም ለአጎታችሁ ልጅ መኪና ስታስረክቡ፣ ወይም ሁለተኛ እጅ ስትገዙ፣ ቁልፉ ከመለወጡ በፊት ሻንሲ ቁጥሩን ፈትሹና ዲለር ጋ ቀጠሮ ያዙ። የራሳችሁ መኪና ላይ አደገኛ ነገር ካያችሁ ደግሞ ለደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት አድርጉ። ቅጹ በስልክም ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። የባትሪውን ምርመራ ያስከፈቱት 11 ሰዎች እንዲሁ ቅጽ የሞሉ ባለቤቶች ነበሩ።